ኤድዋርድ ጆንስተን

ኤድዋርድ ጆንስተን (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1872 – ኖቬምበር 26 ቀን 1944) የብሪታንያ የቁም ጽሕፈት ሊቅ፣ መምህርና የፊደል ነዳፊ ነበር። የላቲንን ፊደል በሰፊ ጫፍ ብዕር የመጻፍን ጥበብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደገና ካስነሡት ሰዎች ቀዳሚው ተደርጎ ይቆጠራል። በሕዝብ ዓይን ይበልጥ የሚታየው ሥራው ግን በ1916 ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የነደፈው ወፍራምና ግልጽ ፊደል ነው። ይህ ፊደል ከጣቢያ ሰሌዳ እስከ ፖስተር በአንድ መልክ በመዋሉ፣ አንድ ድርጅት በራሱ ፊደል ብቻ ከሩቅ እንዲለይ ከተደረገባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በየቀኑ የሚያነቡት ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ የነዳፊውን ስም አያውቁም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ቤተሰብ

ጆንስተን የተወለደው በደቡብ አሜሪካ፣ በኡራጓይ አገር፣ ሳን ሆሴ በተባለች ከተማ ነው። ወላጆቹ የስኮትላንድ ተወላጆች ነበሩ። በአባቱ በኩል የቅድመ አያቱ ስም ቶማስ ፎዌል በክስተን ይባላል። እርሱም በብሪታንያ ፓርላማ የባርያ ንግድንና ባርነትን በመቃወም የታወቀ ሰው ነበር።

ቤተሰቡ በ1875 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት፣ እናቱም ታማሚ ስለነበረች፣ ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ናት። ትምህርት ቤት ሳይገባ በቤት ውስጥ ተማረ። በልጅነቱ ሒሳብና የመሣሪያ አሠራር ይወድ ነበር። የድሮ መጻሕፍትን እየተመለከተም በብራና ላይ ይጽፍና በቀለም ያስጌጥ ነበር። እናቱ በ1891 ስትሞት ለጥቂት ጊዜ በአጎቱ ዘንድ ሠራ። ከዚያም ሐኪም ለመሆን ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን ጤናው ደካማ ስለነበር ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠው።

ከሕክምና ወደ ቁም ጽሕፈት

በ1898 ጆንስተን ሥራና ሙያ ሳይኖረው ወደ ለንደን መጣ። በዚያም ዊልያም ሌተቢ ከተባለ አርክቴክት ጋር ተዋወቀ። ሌተቢ የሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ወጣቱ የጻፋቸውን ገጾች አይቶ፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን የጥንት የብራና መጻሕፍት እንዲያጠና መከረው። የዊልያም ሞሪስ ጸሐፊ የነበረው ሲድኒ ኮከረልም የትኞቹን መጻሕፍት መመልከት እንዳለበት አመለከተው።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የብራና ጽሕፈት ሙያ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ያጌጠ ጽሑፍ የሚሠሩ ሰዎች ፊደሉን በቀጭን ብዕር ይነድፉና ውስጡን በቀለም ይሞሉት ነበር። ጆንስተን መጻሕፍቱን ሲመረምር የጥንት ጸሐፍት እንዲህ እንዳልሠሩ ተረዳ። የፊደሉ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚመጣው ከብዕሩ ጫፍ ነው። ጫፉ በሰፊው የተቆረጠ የመቃ ወይም የላባ ብዕር በአንድ ማዕዘን ተይዞ ሲሄድ፣ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲታጠፍ ቀጭን መስመር ይሰጣል። ስለዚህ ፊደሉ የሚሳል ሳይሆን የሚጻፍ ነገር ነው። ይህ ግኝት የሕይወቱ ሥራ መሠረት ሆነ።

ከሁሉም ይልቅ የወደደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ የተጻፈውን የራምሲ መዝሙረ ዳዊት ነው። ክብና ጥርት ካለው ከዚህ ጽሕፈት ተነሥቶ ለተማሪዎቹ የሚሆን የመጀመሪያ የጽሕፈት ዓይነት አዘጋጀ። ይህ ዓይነት ዛሬም በላቲን ቁም ጽሕፈት ትምህርት ለጀማሪዎች ይሰጣል።

መምህርነትና መጽሐፉ

ሌተቢ በ1899 ጆንስተንን አዲስ ለተከፈተው የጽሕፈት ክፍል መምህር አድርጎ ሾመው። መምህሩ የ27 ዓመት ወጣት ነበር፤ ራሱም ገና ይማር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጥቂት ቢሆኑም በመካከላቸው ኋላ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ነበሩበት። ግሬሊ ሂዊት፣ ኖኤል ሩክና በኋላ ታላቅ ቀራጭና የፊደል ነዳፊ የሆነው ኤሪክ ጊል ይጠቀሳሉ። ጊል ከመምህሩ ጋር ለጥቂት ጊዜ በአንድ ቤት ኖሯል። ከ1901 ጀምሮ ጆንስተን በሮያል የሥነ ጥበብ ኮሌጅም አስተማረ።

የሚያስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር። ጠመኔውን አጋድሞ ሰፊ ብዕር ያስመስለውና በጅምላ እያወራ ሳይሆን እየጻፈ ያሳያል። ተማሪዎቹ የጥንቱን ፊደል እንዳለ እንዲገለብጡ አይፈልግም ነበር። ፊደሉ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ እንዲጠይቁ ያስገድዳቸው ነበር።

በ1903 ግሬታ ግሬግ የተባለች የስኮትላንድ መምህርት አገባ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1906 ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ሐረግ ጌጥና ስለ ፊደል ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹን በብዛት የሠራለት ተማሪው ኖኤል ሩክ ነው። መጽሐፉ ብዕር ከመቁረጥና ቀለም ከማዘጋጀት ጀምሮ ሙያውን ደረጃ በደረጃ ስለሚያስረዳ ለብዙ ትውልድ መማሪያ ሆነ። በ1910 ተማሪው አና ሲሞንስ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመችው። በዚህም ትምህርቱ በጀርመን አገር ከእንግሊዝ ባልተናነሰ ሁኔታ ተስፋፋ።

የፍራንክ ፒክ ጥያቄ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች በተለያዩ ኩባንያዎች የተሠሩ ነበሩ። አብዛኞቹ በአንድ ድርጅት ሥር ቢሰበሰቡም መልካቸው አንድ አልነበረም። አንዱ ጣቢያ ስሙን በአንድ ዓይነት ፊደል ሲጽፍ ሌላው በሌላ ይጽፋል። የጣቢያው ግድግዳ ደግሞ የሳሙና፣ የሻይና የቲያትር ማስታወቂያ ሞልቶበታል። ተሳፋሪው በባቡሩ መስኮት ሲመለከት የጣቢያውን ስም ከማስታወቂያው መካከል ለይቶ ማግኘት ይቸግረው ነበር።

ከ1908 ጀምሮ የኩባንያውን ማስታወቂያ የሚመራው ፍራንክ ፒክ ይህን ችግር በጥብቅ ያስብበት ነበር። መጀመሪያ ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ቦታ ወሰነ። የጣቢያው ስም በሰማያዊ አግዳሚ ላይ ተጽፎ ከኋላው ሙሉ ቀይ ክብ እንዲሆን ተደረገ። ነገር ግን ፊደሉ ራሱ በጊዜው ከነበሩት የንግድ ፊደላት የተለየ አልነበረም። ፒክ የፈለገው ለድርጅቱ ብቻ የሆነ ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላው ጋር የማይምታታ፣ ደፋርና ቀላል፣ የዘመኑ መሆኑ የሚታወቅ፣ ከማስታወቂያ ጋርም ፈጽሞ የማይመሳሰል እንዲሆን ጠየቀ።

በ1913 ማተሚያ ቤት ያለው ጄራርድ ሜኔል ጆንስተንን ከፒክ ጋር አስተዋወቀው። በመጀመሪያው ንግግር ኤሪክ ጊልም ነበረበት። ሥራው በ1915 ሲጀመር ግን ጊል ሌላ ሥራ ስለ ነበረው ቶሎ ተወው፤ ከክፍያው ጥቂት ድርሻ ተሰጥቶት ንድፉን ጆንስተን ብቻውን ሠራው።

የፊደሉ አሠራር

ጥያቄው ለጆንስተን እንግዳ ነበር። ሙያው በሙሉ በብዕር ጫፍ በሚመጣው ወፍራምና ቀጭን መስመር ላይ የቆመ ነው። ፒክ የፈለገው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እኩል የወፈረ፣ ጫፉ ላይም የጌጥ ጭረት የሌለው ፊደል ነው። እንዲህ ያለ ፊደል ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በእንግሊዝ ቢታወቅም፣ የሚሠራበት በአብዛኛው ለእጅ ማስታወቂያና ለሱቅ ሰሌዳ ነበር። ሁሉም ፊደላት እኩል ስፋት እንዲይዙ ስለሚጨናነቁ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ከሩቅም ይደባለቃሉ።

ጆንስተን መፍትሔውን ያገኘው ከጥንት ሮማውያን ነው። የላቲን ጽሕፈት ትልልቅና ትንንሽ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፊደላት አሉት። ለትልልቆቹ በሮም ከተማ በትራያን ዓምድ ሥር በድንጋይ የተቀረጹትን ፊደላት መጠን ተከተለ። በዚያ ጽሑፍ ፊደላቱ እኩል ስፋት የላቸውም። ኦ ሰፊ ክብ ሲሆን ኢ፣ ኤፍና ኤስ ጠባብ ናቸው። ጆንስተን ጌጡን አስወግዶ መጠኑን ብቻ ወሰደ። በእርሱ ፊደል ኦ ሙሉ ክብ ነው። በዚህ ምክንያት ቃሉ ከሩቅ ሲታይ የራሱ የሆነ መልክ ይይዛል፤ አንባቢው ፊደል በፊደል ሳይቆጥር ስሙን ያውቀዋል።

የመስመሩ ውፍረት የፊደሉ ቁመት አንድ ሰባተኛ ሆነ። ይህ ለጊዜው ደመቅ ያለ ነው። ፊደል በወፈረ ቁጥር ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ባዶው ሲዘጋ ፊደሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ጆንስተን መስመሩን ቢያወፍርም ክቦቹን ሰፋፊ አድርጎ ስለተዋቸው ድምቀቱ ንባቡን አልጎዳውም።

ከብዕር ሙያውም አንድ ምልክት ትቶበታል። በትንንሾቹ አይና ጄ ላይ የምትቀመጠው ነጥብ ክብ አይደለችም፤ በማዕዘኗ የቆመች አራት ማዕዘን ናት። ሰፊ ጫፍ ያለው ብዕር ወረቀት ላይ ሲነካ የሚተወው ምልክት ይህ ነው። ትንሹ ኤል ደግሞ ከአይና ከአንድ ቁጥር ጋር እንዳይምታታ ግርጌው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ዛሬም የለንደንን ፊደል ከሌላው ለመለየት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይመለከታል።

ፊደሉ በ1916 ተጠናቀቀ። ለፖስተርና ለሰሌዳ ስለታሰበ በመጀመሪያ በትልልቅ የእንጨት ማተሚያ ፊደላት ተቀረጸ። በኋላም ጆንስተን ለአውቶቡስ መድረሻ ሰሌዳ የሚሆን ጠበብ ያለ፣ እንዲሁም ይበልጥ የወፈረ ዓይነት ጨመረበት። ኩባንያው ፊደሉን ለሌላ ማተሚያ ቤት አልሸጠም። የሳሙናው ነጋዴ ሊጠቀምበት ስለማይችል በጣቢያው ግድግዳ ላይ በዚያ ፊደል የተጻፈ ነገር ሁሉ የባቡሩ ቃል መሆኑ ይታወቅ ነበር።

አርማው

ጆንስተን የኩባንያውን አርማም አስተካክሏል። ሙሉ የነበረውን ቀይ ክብ ወደ ቀለበት ለወጠው፤ በመካከሉ በሚያልፈው ሰማያዊ አግዳሚ ላይ ስሙን በራሱ ፊደል አስገባው። የቀለበቱን ውፍረት፣ የአግዳሚውን ርዝመትና የፊደሉን ቁመት እርስ በርሳቸው እንዲመጣጠኑ በልኬት ወሰነ። አርማው በ1917 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ጆንስተን በ1920ዎቹም ንድፉን ደጋግሞ አሻሽሏል።

የለንደን አውቶቡስ፣ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር በ1933 በአንድ የሕዝብ ድርጅት ሥር ሲጠቃለሉ ፒክ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ፊደሉና አርማውም ወደ ከተማው ትራንስፖርት ሁሉ ተስፋፉ። በዚያው ዓመት የወጣው የሃሪ ቤክ የመስመር ካርታም የጣቢያዎቹን ስም በጆንስተን ፊደል መልክ ያሳያል።

ወቀሳና ጊል ሳንስ

የቁም ጽሕፈት ባለሙያዎች ሁሉ በሥራው አልተደሰቱም። የመጀመሪያ ተማሪው ግሬሊ ሂዊት መምህሩ ራሱ ያስተማረውን የሮማን ፊደል ደረጃ እንደ ተወ አድርጎ ቆጠረው፤ በእንዲህ ያለ ፊደል መስፋፋትም አዘነ። ሰው ከብራና ተነሥቶ የፋብሪካ ፊደል ሠራ የሚለው ቅሬታ ከጆንስተን ስም ጋር ለረጅም ጊዜ ተያይዞ ቆይቷል። ነገር ግን ንድፉን ለሚያጠኑ ሰዎች በሁለቱ ሥራዎች መካከል ተቃርኖ የለም። መጠኑ፣ ክብነቱና ነጥቡ የመጡት ከዚያው ትምህርት ነው።

ዝናውም በአብዛኛው ወደ ተማሪው ሄደ። ኤሪክ ጊል በ1926 በብሪስቶል ከተማ ለአንድ መጽሐፍ መሸጫ ከጆንስተን ፊደል ጋር የሚቀራረብ የሰሌዳ ጽሑፍ ሠራ። የሞኖታይፕ ኩባንያ አማካሪ ስታንሊ ሞሪሰን ይህን አይቶ ለኅትመት የሚሆን ፊደል እንዲያዘጋጅ ጠየቀው። ጊል ሳንስ የተባለው ፊደል በ1928 ወጣ። የጆንስተን ፊደል በአንድ ድርጅት እጅ ተዘግቶ ሲቀር፣ ጊል ሳንስ ገዝቶ ለሚጠቀም ሁሉ ክፍት ነበር። በ1929 ሌላ ትልቅ የባቡር ኩባንያ መለያው አደረገው፤ ከ1935 ጀምሮም በፔንግዊን መጻሕፍት ሽፋን ላይ ታየ። ስለዚህ የዓለም ማተሚያ ቤቶች ያወቁት የተማሪውን ስም ነው። ጊል ራሱ ግን የመምህሩን ባለውለታነት በጽሑፉ አልካደም።

የዲችሊንግ ዓመታት

ጆንስተን በ1912 ከለንደን ወጥቶ በሰሴክስ ግዛት ወደምትገኘው የዲችሊንግ መንደር ተዛውሮ ነበር። ጊል ቀድሞ ስለሄደበት መንደሩ የእደ ጥበብ ሰዎች መሰብሰቢያ ሆነ። የባቡሩ ፊደልም የተነደፈው በዚህ የገጠር መንደር ነው።

በዚያም ለአልጋ ቁራኛነት እስከሚቃረብ ድረስ ጤናው ይደክም ነበር። ሥራ ሲሠራ በጣም ይዘገያል። አንድ መስመር ካላረካው እንደገና ይጀምረዋል፤ ለደብዳቤ መልስ ሲጽፍም ገጽ በገጽ እየጨመረ ሳይልከው ይቀራል። ለጀርመናዊው ካውንት ሃሪ ኬስለር ማተሚያ ቤት የጀመረው የፊደል ንድፍ ብዙ ዓመታት ወስዶበታል፤ በመካከሉም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋርጦታል። ፊደሉ በመጨረሻ በቫይማር በታተመው የሼክስፒር ሐምሌት ላይ ዋለ፤ መጽሐፉም ከዘመኑ ውብ ኅትመቶች መካከል ይቆጠራል።

በ1921 ተማሪዎቹና የተማሪዎቹ ተማሪዎች የቁም ጸሐፍትና የሐረግ ጌጥ ባለሙያዎች ማኅበር አቋቋሙ። ጆንስተን ሁለተኛ መጽሐፍ ለመጻፍ ለረጅም ዓመታት ቢደክምም በሕይወቱ ሳለ አልጨረሰውም። በ1936 ባለቤቱ ግሬታ ሞተች። በ1939 የብሪታንያ መንግሥት ሲ.ቢ.ኢ. የተባለውን የክብር ኒሻን ሰጠው።

ዕረፍትና ትሩፋት

ኤድዋርድ ጆንስተን በኖቬምበር 26 ቀን 1944 በዲችሊንግ መኖሪያ ቤቱ በ72 ዓመቱ አረፈ፤ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀበረ። ልጁ ፕሪሲላ የሕይወት ታሪኩን ጽፋ በ1959 አሳተመች። ያልጨረሰው መጽሐፉም ረቂቆቹ ተሰብስበው በ1971 ታተመ።

ለባቡሩ የተሠራው ፊደል ለትልልቅ ጽሑፍ የታሰበ ስለነበር ለትንንሽ ጽሑፍና አዲስ ለመጣው የፎቶ ኅትመት አልተመቸም። ስለዚህ በ1979 ጃፓናዊው ነዳፊ ኤይቺ ኮኖ ባንክስ ኤንድ ማይልስ በተባለው ድርጅት ውስጥ እየሠራ ፊደሉን አሻሻለው፤ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ደረጃዎችም ተዘጋጁለት። በ2016 መቶኛ ዓመቱ ሲከበር ሞኖታይፕ ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን የሚስማማ አዲስ እትም አወጣ። በዚህ ጊዜ በቀደሙት ለውጦች ጠበብ ያሉት ፊደላት ወደ ጆንስተን የመጀመሪያ ስፋት እንዲቀርቡ ተደርጓል።

ዛሬ የንግድ ተቋማት ለራሳቸው ብቻ የሚሆን ፊደል ማስነደፋቸው የተለመደ ነው። የለንደኑ ሥራ ከሌሎቹ የሚለየው በዕድሜው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በኋላም ነጥቧ በማዕዘኗ እንደቆመች፣ ኦም ክብ እንደሆነ፣ በየጣቢያው ግድግዳ ላይ ይገኛል። የጆንስተን የእጅ ጽሑፎችና መሣሪያዎች በዲችሊንግ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ።